«ከዚህ በኋላ ምን ያደርገኝ ይሆን?» ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን በባል ወይም በፍቅረኛ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች አማክራለሁ። ጥያቄ ላኩልኝ ባልኩት መሠረት ብዙ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ ማንነት የሚያሳየውን ሁሉ አውጥቻለሁ። አሁን በዚህች ሰዓት አደጋ ላይ ከሆንሽ ግን ማንበቡን ተዪውና ደውዪ፦ አሜሪካ 911፣ አዲስ አበባ 991።

ሲስተር፣ ሰው ነገ የሚያደርገውን ከፈጣሪ በቀር ማን ያውቃል? «ይሄ አደገኛ ነው፣ ያኛው አይደለም» የምትሉት በምን ለይታችሁ ነው?

እርግጡን ማንም አያውቅም። ግን ሚስቶቻቸውን የገደሉ ወንዶች ከዚያ በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር ይታወቃል። ጃክሊን ካምቤል የተባለች የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነርስና ተመራማሪ፣ እዚሁ ባልቲሞር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ስታጠና ኖራለች። መመዘኛዋ በአዎ ወይም በአይ የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች አሉት። በ2003 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት፣ በ11 የአሜሪካ ከተሞች የተገደሉ ሴቶችን ተደብድበው በሕይወት ካሉ ሴቶች ጋር ያነጻጽራል። ሰውየው ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ በእጁ ካለ የመገደል ዕድሏ ከ5 እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሥራ ፈት መሆኑም ከባድ ምልክት ነው። ቤት ውስጥ የእሱ ያልሆነ ልጅ መኖሩም አደጋውን ይጨምራል።

«ባለፈው ምን ያህል ጎዳት?» የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ሰው ሁሉ የሚያየው ግን እሱን ነው። እጇ ለተሰበረች ሁሉም ያዝንላታል። «ጥለሽኝ ብትሄጂ እገድልሻለሁ» የተባለችውን ግን «ተናዶ ነው፣ ባፉ ነው» ይሏታል። ለእኔ ሁለተኛዋ ናት ቶሎ ሰው የሚያስፈልጋት።

ባሌን አሥር ዓመት አውቀዋለሁ። ይናደዳል እንጂ እዚያ ድረስ አይሄድም። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ?

አይ እህቴ፣ አንቺን ያህል የሚያውቀው የለም። «ይገድለኛል» ብትዪኝ ሌላ ማስረጃ አልጠይቅሽም፤ ፍርሃትሽ ይበቃኛል። «አይገድለኝም» ስትዪኝ ግን ያንን ብቻ ይዤ አልቀመጥም። ካምቤል ባጠናቻቸው ታሪኮች ውስጥ ከተገደሉትና ከሞት ለጥቂት ካመለጡት ሴቶች ግማሽ ያህሉ አደጋውን አሳንሰው ያዩት ነበር። ይህን የነገሯት የተረፉት ራሳቸውና የሟቾቹ ዘመዶች ናቸው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሪ። ከ20ዎቹ ጥያቄዎች በፊት የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ይዘን እንቀመጣለን። የእኛ ሴቶች በፈረንጅ ቀን አያስታውሱትም። «ለጥምቀት ገፈተረኝ፣ በሁዳዴ መሃል በጥፊ መታኝ፣ የልጄ ክርስትና ማግስት በቢላ አስፈራራኝ፣ ከፍልሰታ ወዲህ ደግሞ በየሳምንቱ ነው» ይሉኛል። ሙስሊሞቹ በረመዳንና በአረፋ ይቆጥራሉ። ቀኑን እናከብበዋለን፣ አጠገቡ ያደረገውን እንጽፋለን። «አልፎ አልፎ ነው» ብላ የገባች ሴት ቀኖቹ እየተቀራረቡ፣ ጥቃቱም እየከበደ መምጣቱን ወረቀቱ ላይ ራሷ ታየዋለች። ብቻሽን የምትሠሪው ከሆነ እሱ በሚያገኘው ቦታ አታስቀምጪው። ስልክሽን የሚፈትሽ ከሆነ እዚያም አትጻፊው።

አንድ ጊዜ አንገቴን አንቆኝ ነበር። ወዲያው ለቀቀኝ፣ ምልክትም አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሰላም ነን። ይሄም ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ከላካችሁልኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከዚህ በፊት በባሏ የታነቀች ሴት በኋላ በእሱ የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ ነው። የሁለት ወሩ ሰላም ይህን አይለውጠውም።

ምልክት አለመቅረቱም አያጽናናሽ። ታንቀው ፖሊስ ጋ ከደረሱ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር አልተገኘም። ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ሰንበር በቀላሉ አይለይም። ድምፅሽ ጎርንኖ ነበር? መዋጥ አስቸግሮሽ ነበር? ዓይንሽ ውስጥ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር? ራስሽን ስተሽ፣ ሽንት አምልጦሽ ነበር? ይህን የመጨረሻውን ሴቶች እያፈሩ ይደብቁታል። ለእኛ ግን አንጎሏ ኦክስጅን ተቋርጦበት እንደነበር የሚጠቁም ትልቅ ነገር ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው የአንገት የደም ሥር ውስጡ ተሰንጥቆ፣ ከቀናት በኋላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የታነቀች ሴት በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ። «አንገቴን ታንቄ ነው» ብላ በግልጽ ትናገር። የአንገት ሲቲ ስካን የሚያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል፤ «ወድቄ ነው» ካለች ግን የሚፈልገውም የለም። አንቺም ሁለት ወር አለፈ ብለሽ አትተዪው፤ ታዪ፣ ይመዝገብም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ሆን ብሎ ማነቅ ከባድ ከሚባለው የአካል ጥቃት ወንጀል ተመድቧል።

አይመታኝም፤ በጣም ቀናተኛ ነው እንጂ። ልተወው ወስኛለሁ። ከቤቱ ከወጣሁ አለቀ አይደል?

መውጣትሽ ልክ ነው፤ አወጣጥሽ ግን ይታቀድ። «ቀናተኛ» ያልሽውን ከላክሽው ጽሑፍ አይቼዋለሁ፦ ስልክሽን ይፈትሻል፣ ደመወዝሽን ይቀበላል፣ ከእህትሽ ጋር እንዳትገናኚ ያደርጋል፣ የት እንደዋልሽ በደቂቃ ያስቆጥርሻል። ይሄ ቁጥጥር ነው፤ ዱላ ባይኖርበትም አደገኛ ነው። በ2003ቱ ጥናት እንዲህ ዓይነት ሰው አብራው ኖራ የተለየች ሴት የመገደል ዕድሏ ወደ 9 እጥፍ ከፍ ብሏል።

ስለዚህ እሄዳለሁ ብለሽ አትንገሪው። «ፊት ለፊት ተነጋግረን በሰላም እንለያይ» የሚባለው ለሌላ ባልና ሚስት ነው። ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ የመኖሪያ ፈቃድና መድኃኒት አስቀድመው ይውጡ። ኦሪጅናሉ ከቦታው ሲጠፋ የሚነቃ ከሆነ ኮፒው ይውጣ። «ለመጨረሻ ጊዜ ላግኝሽ»፣ «ዕቃሽን መጥተሽ ውሰጂ» ሲልሽ ብቻሽን አትሂጂ። ፖሊስ አብሮሽ ይሂድ፣ አለዚያ ዕቃው ይቅር። ሜሪላንድ ላላችሁ፣ የጥበቃ ትእዛዝ (ፕሮቴክቲቭ ኦርደር) ለመጠየቅ ገንዘብ አይከፈልም። ፍርድ ቤት በተዘጋበት ሌሊትም ኮሚሽነር (ሌሊትም የሚሠራ የፍርድ ቤት ሹም) ጋ ጊዜያዊውን ማግኘት ይቻላል። የመጨረሻው ትእዛዝ ሲወጣ ሰውየው መሣሪያውን ማስረከብ አለበት።

«ጥለሽኝ ከሄድሽ ራሴን አጠፋለሁ» ይለኛል። አንጀቴን ይበላዋል፤ መሄድ ከበደኝ።

ማዘንሽ አይገርምም። ግን ከገደሉት ወንዶች ሲሶ ገደማው ከዚያ በኋላ ራሳቸውን አጥፍተዋል። ለዚህ ነው ይህ ዛቻ ከ20ዎቹ ጥያቄዎች አንዱ የሆነው። እሱ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ወደ 988 ይደውላል፣ ወንድሞቹም ይነገራቸው። ጠባቂው ግን አንቺ መሆን የለብሽም።

ሽማግሌ ነኝ፤ ባልና ሚስት እንዳስታርቅ ተጠርቻለሁ። ልጅቷ ቤት ጥላ ወጥታለች። ምን ብጠይቅ ይሻላል?

አባቴ፣ ይህን አስበው ስለጠየቁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽምግልና ብዙ ትዳር አቁሟል። በገንዘብ፣ በዘመድ፣ በልጅ አስተዳደግ የተጋጩትን ያስታርቁ። እዚህ ግን ከመቀመጥዎ በፊት ልጅቷን ለብቻዋ፣ የእሱ ዘመድ በሌለበት ያነጋግሯት፤ የምታምናት ሴት አብራት ብትሆን ጥሩ ነው። «ልጄ፣ እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል? በቢላ ወይም በሽጉጥ አስፈራርቶሽ ያውቃል? ይገድለኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ?» ብለው ይጠይቋት።

እነዚህን ከራሴ አላመጣኋቸውም። ሜሪላንድ ውስጥ በ2005 በተጀመረ አሠራር፣ ፖሊስ ቤት ድረስ ሲጠራ ለሴቲቱ 11 ጥያቄዎች ያቀርብላታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ላንዱ እንኳ «አዎ» ካለች ፖሊሱ እዚያው ሆኖ ለአማካሪ ይደውላል፣ እንድታነጋግረውም ይጠይቃታል። እኔ ለእርስዎ አራተኛ ልጨምር፦ «አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል?» ከአራቱ ላንዱ «አዎ» ካለችዎት እርቁ ይቅር።

የነገረችዎትን እሱ ፊት አይድገሙት። የት እንዳረፈች ለማንም፣ ለንስሐ አባቱም ቢሆን አይንገሩ። ማልቀሱን፣ እግርዎ ላይ መውደቁን፣ በታቦት መማሉን እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት። አድራጎቱን በሙሉ የሚያምን፣ ያለችበትን የማይጠይቅ፣ መሣሪያውን በፈቃዱ የሚያስረክብ ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው። ዋስ እጠራለሁ ቢልዎትም፣ ዋሱ ሌሊት እዚያ ቤት አያድርም።

አዲስ አበባ ነኝ። ይሄ የአሜሪካ መመዘኛ ለእኛ ይሠራል? እኛ ጋ እንደዚያ ሽጉጥ በየቤቱ የለም።

ቁጥሮቹን እንዳሉ መውሰድ አይቻልም፤ እዚያ ተጠንተው የወጡ ናቸው። ምልክቶቹን ግን ታውቂያቸዋለሽ። በሽጉጥ ፈንታ ገጀራ፣ ቢላ፣ አሲድ፣ ቤንዚን የሚል ዛቻ ከሰማሽ እንደ መሣሪያ ቁጠሪው።

የሚለየው ሌላው ነገር አካባቢው ነው። በፈረንጅ 2016 በወጣው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል አግብተው ከሚያውቁ 100 ሴቶች 34ቱ በባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸው ያውቃል። በዚያው ጥናት ከ100 ሴቶች 63ቱ ቢያንስ በአንድ ምክንያት፣ ለምሳሌ ምግብ ብታሳርር ወይም ሳትነግረው ብትወጣ፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም እንዲህ ያደገች ሴት «ምንም አላደረገኝም» ስትል ጥፊውን ጭራሽ አልቆጠረችውም ማለት ነው። ጎረቤትም አይቆጥረውም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የ1996ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል። በአንቀጽ 580 ዛቻ ራሱ ወንጀል ነው፤ ግን አቤቱታሽን ይፈልጋል። እንደ ሜሪላንድ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ ሕግ ስለሌለ፣ ከሚያውቀው ቤት መራቅ ይበልጥ ያስፈልግሻል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ፍቺ ስትጠይቂ ደግሞ በክርክሩ ጊዜ ማን ከቤት እንደሚወጣ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅም አይቶ ሊወስን እንደሚችል ለጠበቃሽ አንሺላት።

ፖሊስ ከጠራሁ ይብስበታል ይሉኛል።

በ2003ቱ ጥናት ቀድሞ በቤት ውስጥ ጥቃት ታስሮ የሚያውቅ ሰው የመግደል ዕድሉ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ቢሆንም በማግስቱ ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት የት እንደምታድሪ ወስኚ።

እርጉዝ ሆኜ መታኝ። ሰክሮ ስለነበር ነው።

በእርግዝና መምታት ከ20ዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ መጠጡም እንዲሁ። መጠጥ ቢያቆም ጥሩ። ግን አለቃውን ሰክሮ መትቶት ያውቃል? ለክትትል ስትሄጂ ለአዋላጇ ንገሪያት፣ እሱ ውጭ ሲጠብቅ።

ወንድ ነኝ። ሚስቴ ልትሄድ ነው። አንድ ነገር እንዳላደርግ ራሴን እየፈራሁት ነው።

ወንድሜ፣ መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ማታ እዚያ ቤት አትደር፤ ወንድምህ ወይም ጓደኛህ ጋ ሂድ፣ ምክንያቱንም ሳትደብቅ ንገረው። ሽጉጥ ካለህ ዛሬውኑ ከእጅህ ይውጣ። አትጠጣ። አትከተላት፣ አትደውልላት፣ ሰውም አትላክባት። 988 ደውል፤ አስተርጓሚ ጠይቅ።

እናት ነኝ፣ ጎንደር። ልጄ አሜሪካ ናት። ስደውልላት ድምፅዋ ይለወጣል፤ እሱ አጠገቧ እንደሆነ ይገባኛል። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?

እናቴ፣ እሱ አጠገቧ እያለ አይጠይቋት። ሥራ ቦታ ወይም ቤተ ክርስቲያን ስትሆን ደውለው አንድ ቃል ይስማሙ፤ ለምሳሌ «የሽሮው እህል ደረሰሽ?» ሲሏት «አልደረሰኝም» ካለች አደጋ ላይ ናት ማለት ይሁን። ያን ጊዜ እዚህ አሜሪካ ያለ አንድ የሚያምኑት ዘመድ 911 ይደውል፤ ስለዚህ አድራሻዋን ከአሁኑ ይስጡት። ለምክር ግን እሷ ራሷ ለአሜሪካ የቤት ውስጥ ጥቃት የስልክ መስመር፣ 1-800-799-7233 ብትደውል ሌሊትም ቀንም ያነሱላታል። እንግሊዝኛ ካልቀናት «አምሃሪክ» ትበል፤ አስተርጓሚ ያገናኟታል።