መልስ፦ በኒው ጀርሲ ጠረፍ ተሰዳጅ ወፎችን ስለ መመልከት
በሴፕቴምበር ወር ለመሄድ አስበው የትኛው ሰዓት እንደሚሻል ለጠየቁት፣ ከሰዓቱ ይልቅ የባሕሩን ሙላትና ሽሽት ቢከታተሉ ይበጃል። ውኃው ሲሸሽ ወፎቹ ምግብ ፍለጋ በጭቃው ላይ ይበታተናሉ፤ ሲሞላ ግን ባልተሸፈነው ጥቂት መሬት ላይ ስለሚሰበሰቡ፣ ሙላቱ ጫፍ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ቢገኙ በቅርብ ያዩዋቸዋል። ከአትላንቲክ ሲቲ በስተሰሜን ባለው የፎርሳይዝ የዱር እንስሳት መጠለያ 8 ማይል የሚሆን የመኪና መንገድ አለ፤ ከመኪናዎ ሳይወርዱ ቢመለከቱ ወፎቹ ብዙም አይደነግጡም። በዚያ ወር ከሚያዩዋቸው ብዙዎቹ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከጁላይ ጀምሮ ቀድመው ስለሚሄዱ ወጣቶቹ ያለ እነርሱ ይጓዛሉ፣ እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። የባሕር ዳክዬዎችንና ጋኔቶችን (ትላልቅ ነጫጭ የባሕር ወፎችን) ከፈለጉ ግን በኖቬምበር መጀመሪያ በዚያው ጠረፍ ወዳለችው የአቫሎን ከተማ ይሂዱ፣ ቴሌስኮፕም አይርሱ።