መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጎማው ግን አይይዝም፦ ስለ በጋ ጎማና ስለ ብርድ ጥያቄና መልስ

የምሠራው በኮሎራዶ፣ ዴንቨር አካባቢ በሚገኝ የጎማ መሸጫና መቀየሪያ ቤት ነው። ብርድ በገባ ቁጥር ከወገኖቼ የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለሚበዛ ዛሬ የቻልኩትን ያህል በአንድ ላይ እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ሰው ሁሉ የሚፈራው በረዶን ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ፀሐይ የወጣበት፣ አስፋልቱ የደረቀበት ቀዝቃዛ ጠዋት ነው። በረዶ ያየ ሹፌር ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ደረቅ መንገድ ያየ ግን እንደ ሐምሌው ይነዳል። ጎማው የሐምሌው እንዳልሆነ የሚነግረው የለም።

ጥያቄ (ከአውሮራ)፦ ጋሼ፣ በቅርቡ ፎርድ ሙስታንግ ገዛሁ። ጎማው ገና አዲስ ነው፣ ጥርሱም አልተበላም። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ከሰፈር ወጥቼ ወደ ዋናው መንገድ ስታጠፍ የኋላው ሸሸብኝ። በረዶም ውሃም አልነበረም። ጎማው ከፋብሪካው ችግር ይኖርበት ይሆን?

መልስ፦ ጎማህ ጤነኛ ነው፤ ወቅቱ ነው ያለፈበት። እንዲህ ያሉ ፈጣን መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት የበጋ ጎማ (ሰመር ታየር፣ ለሞቃት ወራት ብቻ የተሠራ) ተገጥሞላቸው ነው። በሞቃት አስፋልት ላይ፣ ደረቅም ሆነ ዝናብ የመታው፣ ይህን ጎማ የሚወዳደረው የለም። ይህን ብቃት የሚሰጠው ግን በዋናነት የላስቲኩ ቅመም ነው፤ በብርድ የሚከዳህም ያው ቅመም ነው።

ጎማ መንገድን የሚይዝበት ዘዴ ሁለት ነው። ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉብታዎች መካከል ይገባል፣ እየታሸም ኃይሉን ይውጣል። በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ከመንገዱ ጋር ይጣበቃል። ሁለቱም የሚሆኑት ላስቲኩ መተጣጠፍ ሲችል ብቻ ነው። ማንኛውም ላስቲክ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይደነድናል፤ መጨረሻ ላይ እንደ መስታወት ተሰባሪ የሚሆንበት የሙቀት መጠንም አለው። የበጋ ጎማ ቅመም በሙቀት ጊዜ አጥብቆ እንዲይዝ ሲባል ይህ መደንደን ቀደም ብሎ ይጀምረዋል። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። አምራቾች በተለምዶ የሚጠቅሱት ድንበር 45 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚያች ዲግሪ ላይ ጎማው ድንገት አይለወጥም፤ ከዚያ በታች ግን ቴርሞሜትሩ በወረደ ቁጥር የሚይዘው እየቀነሰ ይሄዳል።

ደጋ አገር ያደገ ሰው ኮንጎ ጫማን ያውቃል። በውርጭ ጠዋት እግርን የሚልጥ ደረቅ ነገር ነው፣ ቀትር ላይ ግን እንደ ልብ ይታጠፋል። ጫማው ያው ነው፣ የተለወጠው ሙቀቱ ነው። እኔ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ውጭ ያደረ የበጋ ጎማ ካገኘሁ ጥርሱን በአውራ ጣቴ ጥፍር እጫነዋለሁ። በሐምሌ ጥፍሬ ምልክት ትቶ ይነሳል፤ በጥር ግን ይንሸራተታል። ኮንክሪት ላይ ሳቆመው ድምፁ ሳይቀር ሌላ ነው፣ ይንኳኳል። የአንተ ሙስታንግ ደግሞ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው፣ ጉልበቱም ከባድ ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ የሸሸው የኋላው።

ጥያቄ (የዚሁ ጠያቂ ጓደኛ)፦ ታዲያ ጥቂት ከነዱት በኋላ አይሞቅም?

መልስ፦ የምትጠብቀውን ያህል አይሞቅም። በውድድር ሜዳ ጎማ የሚሞቀው ያለማቋረጥ በኃይል ስለሚታጠፍና ፍሬን ስለሚያዝበት ነው። በከተማ መንገድ የምታገኘውን ትንሽ ሙቀት ቀዝቃዛው አስፋልትና ነፋሱ ወዲያው ይወስዱታል፤ መብራት ላይ በቆምክ ቁጥርም እንደገና ይበርዳል። ግራና ቀኝ እየወዘወዝኩ አሞቀዋለሁ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እባክህ ይህን በሕዝብ መንገድ ላይ እንዳታደርገው። ከሁሉ የከፋው ከቤት እንደወጣህ ያለው መንገድ ነው፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ሰዓትም እሱ ነው።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ እኔ በአራቱም ጎማ የምትነዳ የኤሌክትሪክ መኪና አለችኝ፤ ፈጣኑ ሞዴል ነው። መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኮምፒውተርም አላት። የጎማውን ወጪ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አይተዉት። በአራቱም ጎማ መነዳት የሚጠቅመው ለመነሳት ነው። ለማቆም ሲመጣ ማንኛዋም መኪና በአራቱም ጎማዋ ትቆማለች፤ እዚያ ላይ የእርስዎ መኪና ከጎረቤትዎ መኪና ምንም ብልጫ የላትም። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ በቀላሉ ስለምትነሳ መንገዱ የያዘ መምሰሉ ነው። ሰው አለመያዙን የሚያውቀው ፍሬን ሲረግጥ ነው።

ኮምፒውተሩም ጥሩ ነገር ነው። በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖች ሁሉ ላይ በሕግ የተገደደውም ሕይወት ስለሚያድን ነው። ሥራው ግን ጎማው የሚይዘውን ያህል በአግባቡ ማከፋፈል ነው። ጎማው ከሌለው ኮምፒውተሩ ከየትም አያመጣም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዋ ስለሚከብድ ለማቆም ብዙ ኃይል ትጠይቃለች፤ የፍጥነት ፔዳሉን እንደነኩም ጉልበቷ በሙሉ በአንዴ ይመጣል። ሚኒሶታ ላይ ከኅዳር እስከ መጋቢት በበጋ ጎማ መንዳት ለእኔ የሚታሰብ አይደለም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ታክሲ እሠራለሁ፤ መኪናዬ ቶዮታ ካምሪ ናት። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ ምናልባት አይመለከትህም። በአሜሪካ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ የቤት መኪኖች በአብዛኛው ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት) የሚባለውን ጎማ ይዘው ነው የሚመጡት። ለማረጋገጥ የጎማውን ጎን አንብብ። ኤም እና ኤስ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ከመካከላቸው የመደመር ምልክት ይዘው ካየህ በአብዛኛው ኦል ሲዝን ነው። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥዕል ካየህ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ሁለቱም ከሌሉ የበጋ ጎማ ነውና ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ሁለቱ ምልክቶች እኩል አይደሉም። ፊደላቱ የሚናገሩት ስለ ጥርሱ ቅርጽ ብቻ ነው፣ የሚያስገድድ የበረዶ ፈተና የላቸውም። ተራራው ግን በፈተና የሚገኝ ነው። ለቨርጂኒያ ጥርሱ ያላለቀ ጥሩ ኦል ሲዝን ይበቃል እላለሁ፤ በረዶ በጣለባቸው ጥቂት ቀናት ደግሞ ሥራውን ማሳደር ይሻላል።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ መንገደኞችን ተራራ ላይ ወዳለችው ቬይል ከተማ አደርሳለሁ። ተራራው ላይ ያለው ሕግ ምንድን ነው?

መልስ፦ በኢንተርስቴት 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ሕጉ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ይሠራል። ጎማህ ከላይ ከነገርኳችሁ ምልክቶች አንዱ ያለበት ይሁን፤ በሁለት ጎማ የምትነዳ መኪና ደግሞ ጎማ ላይ የሚጠመጠም ሰንሰለት ይዛ ብትጓዝ ይሻላል። የጥርሱ ጥልቀትም ቢያንስ የኢንች 3/16፣ ማለትም ወደ 5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በብዙ ግዛቶች ጎማ አልቋል የሚባለው 1.6 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ነውና ልዩነቱን አስተውሉ፦ ከተማ ውስጥ ሕጋዊ የሆነ ጎማ ተራራው ላይ ሕገወጥ ሊሆን ይችላል። ቅጣቱ ከ130 ዶላር በላይ ነው፤ መንገድ ከዘጋህ ደግሞ ከ650 ዶላር ያልፋል። ከዴንቨር በሞቀ ቀን ትነሳና መንገዱ ላይ ካለው የተራራ ዋሻ ማዶ ሌላ ወቅት ይጠብቅሃል። ሰው አሳፍሮ የሚሄድ ሹፌር እውነተኛ የበረዶ ጎማ (ለብርድ ወራት የተሠራውን) ቢያስገባ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ብርድ ሲገባ የጎማ አየር መብራት በራብኝ። ተበስቶ ይሆን?

መልስ፦ አራቱም እኩል ቀንሰው ከሆነ ብርዱ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር የጎማው አየር ወደ 1 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። 70 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ የተሞላ ጎማ 10 ዲግሪ ወዳለበት ጠዋት ሲወጣ ወደ 6 ያጣል። ሳትነዳው፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ ለካውና በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ሙላው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው መጠን ነው፣ እሱን አትከተል። አንዱ ብቻ ቀንሶ ከሆነ ግን ምስማር ፈልግ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ጀርመን ውስጥ ቀኑ መቼ ነው? ያለኝ ጎማ ፊደላቱ ብቻ ያሉት ነው።

መልስ፦ ጀርመን የተወሰነ ቀን የለም፤ ሕጉ የመንገዱን ሁኔታ ነው የሚያየው። በረዶ፣ ውርጭ ወይም የበረዶ ጭቃ ባለበት መንገድ ላይ ትክክለኛው ጎማ ሊኖርህ ይገባል። ሰዉ ለራሱ ያወጣው ልማድ ከኦክቶበር እስከ ፋሲካ የሚል ነው፤ የእነሱን ፋሲካ ማለቴ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ፊደላቱ ብቻ ያሉበት ጎማ እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም፣ ተራራው ያስፈልጋል። ስለዚህ ያንተ ጎማ አያሳልፍህም። ቅጣቱ ከ60 ዩሮ ይጀምራል፣ በመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይም ነጥብ ያስይዛል። ስዊድን ያላችሁ ግን ቀን አላችሁ፦ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31፣ መንገዱ በረዶ ወይም ውርጭ ሲኖረው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ስላጠረኝ ሁለት የበረዶ ጎማ ብቻ ልግዛ? ከፊት የምትነዳ መኪና ናት።

መልስ፦ አይሆንም። የፊቱ ይይዛል፣ የኋላው አይይዝም። ፍሬን ስትረግጥ ወይም ስትታጠፍ መኪናዋ ዞራ ፊቷን ወደ መጣችበት ታዞራለች። ከሁለት የበረዶ ጎማ ይልቅ ተራራው ያለባቸው አራት መጠነኛ ጎማዎች ይሻላሉ። ሁለት ስብስብ መግዛትም እንደሚመስለው እጥፍ ወጪ አይደለም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። የበረዶ ጎማውን በራሱ ቸርኬ ላይ ካስገጠምከው በየወቅቱ መፍታትና ማልበስ አይኖርም፣ ቡሎን መፍታት ብቻ ነው። በአንድ ኢንች ያነሰ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፤ ብቻ ፍሬኑን እንዳይነካ አስቀድመህ አስለካ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጎሚስታው ያገለገለ የአውሮፓ ጎማ ሊሸጥልኝ ነው። የተራራ ሥዕል አለበት። “ለክረምት የተሠራ ነው፣ ዝናብ ላይ አይንሸራተትም” አለኝ። ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው። ያ ጎማ የተሠራው ለውርጭ ነው እንጂ ለሐምሌ ዝናብ አይደለም። ላስቲኩ በጣም ለስላሳ ስለሆነ በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም ጥርሱ ስለሚወላገድ መኪናው ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይወስዳል፣ ዝናብ ላይም ቢሆን። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ብትበርድም ፀሐይ ስትወጣ መንገዱ ይሞቃል። ለእናንተ የተለመደው ጎማ ትክክለኛው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ጎማው ጎን ላይ በዲ፣ ኦ እና ቲ ፊደላት የሚጀምረውን ጽሑፍ ፈልግና የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብ። 3516 ካለ እ.ኤ.አ. በ2016 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ቁጭ ብሎ በዕድሜ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የሚታየው አሮጌ ጎማ ከእንጦጦ ቁልቁል በዝናብ ሲወርድ የሚይዘው ነገር የለውም። ሻጩ ጥርሱን ሲያሳይህ አንተ ቁጥሩን ጠይቀው።

ጥያቄ (ከአውሮራ፣ የሙስታንጉ ባለቤት)፦ እሺ፣ አምኛለሁ። ነገ ጠዋት 12 ዲግሪ ፋራናይት ይሆናል ተብሏል። ነድቼ ልምጣ?

መልስ፦ ነገ አትምጣ። መኪናዋ ውጭ የምታድር ከሆነ ከነጭራሹ አታንቀሳቅሳት። ሚሽሊንን የመሰሉ አምራቾች የበጋ ጎማ ከ20 ዲግሪ ፋራናይት (7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች) ሲወርድበት መታጠፍ እንደሌለበት ያስጠነቅቃሉ፤ መንዳት ማለት ደግሞ ማጣጠፍ ነው። የጥርሱ ትከሻ ላይ፣ ከሥሩ ተነስቶ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። እንዲህ የተሰነጠቀ ጎማ በዋስትና አይተካልህም፤ እኔም መልሼ አልገጥምልህም። ማዘዣውን በስልክ ስጠኝ፣ የበረዶ ጎማዎቹን በቸርኬያቸው አዘጋጃቸዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ 50 ዲግሪ ይወጣል ተብሏልና ያኔ ና፤ መኪናዋን ግን ብርዱ ሳይበረታ ዛሬውኑ ብርድ በማይገባበት ጋራዥ አስገባትና እስከዚያ አታንቀሳቅሳት። እንዲህ ያለ ብርድ የመታው ጎማ ቢያንስ 40 ዲግሪ ባለበት ቦታ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው መንቀሳቀስ ያለበት። ጋራዥ ከሌለህ ክሪክ ይዤ ቤትህ ድረስ እመጣለሁ። የበጋዎቹን ከፀሐይ ርቀው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ቤት ውስጥ አስቀምጥልኝ እንጂ ጓሮ እንዳትጥላቸው።