መልስ፦ ታሪክ የሌለው ባሌት ምኑ ይታያል?

ወንድሜ፣ «ኤቱድ» የተባለውን ባሌት (የመድረክ ዳንስ) አይተህ «ታሪኩ የት አለ?» ማለትህ አይገርምም። እኔም እዚህ ሐዋሳ በኮምፒውተር ያየሁት ቀን ግማሹ ላይ አቋርጬው ነበር። ታሪክ የለውም፤ አትፈልገው። ሰርግ ላይ እስክስታ ሲወረድ ትከሻውን እናያለን እንጂ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» አንልም።

ዴንማርካዊው የዳንስ ቀማሪ ሃራልድ ላንደር በ1948 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ሲሠራው የተጠቀመው የሙዚቃ ደራሲው ካርል ቼርኒ ለፒያኖ ተማሪዎች የጻፋቸውን መልመጃዎች ነው፤ ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ክኑድኦገ ሪሳገር ለኦርኬስትራ አቀናበረለት። የጣት ማፍታቻው የእግር ማፍታቻ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ መብራቱ እግሮቹ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ፊት አይታይም። የመደገፊያውን እንጨት ይዘው ጉልበት ያጥፋሉ፣ እግር ይዘረጋሉ፤ በቃ። (አንተም ያቋረጥከው እዚህ ሳይሆን አይቀርም።) እየቆየ ግን ሽክርክሪቱና ዝላዩ ይደራረባል።

ሲሽከረከሩ ጭንቅላታቸውን ተመልከት፦ ገላ ቀድሞ ይዞራል፤ ዐይን አንድ ነጥብ ላይ ተተክሎ ይቆይና ጭንቅላት በቅጽበት ተወርውሮ ይቀድመዋል። ዝላዩ ላይ ደግሞ ከፍታውን ተወውና አወራረዱን አዳምጥ። ጥሩ ዳንሰኛ ሲያርፍ ወለሉ አይጮኽም።