ላባውን የጣለ ትል ሞቷል ማለት አይደለም

ከቨርጂኒያ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ 55 ጋሎን የሚይዝ የባሕር ውኃ አኳሪየም አለኝ። ካቋቋምኩት አራት ወር ሆነው። ከሁለት ወር በፊት ፌዘር ደስተር የሚሉትን ባለላባ ትል ገዛሁ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስነሳ ላባው እንዳለ አሸዋው ላይ ወድቋል። ቱቦው ባዶ ይመስላል። ውኃዬ ንጹሕ ነው፣ ናይትሬቱም (ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትራፊ የሚመጣው ቅሪት) ዜሮ ነው። ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ስኪመር ሌት ተቀን ይሠራል። የምሰጠው ምግብ የዓሣዎቹን ፍሌክ (ስስ ደረቅ ምግብ) ነው። ሁለት ክላውን ዓሣና አንድ ሸርጣን አብረውት አሉ። ልጣለው ወይስ ልጠብቅ?»

ጠብቅ። እባክህ አትጣለው። ላባው ምግብ መያዣውና መተንፈሻው ነው እንጂ ትሉ ራሱ ቱቦው ውስጥ ነው ያለው። ሲጨንቀው ላባውን ጥሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከተመቸው በጥቂት ሳምንታት አዲስ ያበቅላል። እኔ አኳሪየም የመንከባከብ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ቤት እንዲህ የሆነውን ትል ሞቷል ብዬ ከነቱቦው ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። ዕቃዬን ስሰበስብ ከቱቦው አፍ ትንሽዬ ላባ ብቅ ብላ አየሁ። ቶሎ ብዬ መለስኩት፣ ግን አልተረፈም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሞቶ ከሆነ አፍንጫህ ይነግርሃል። የሞተ ትል ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሽታው አይደበቅም። ከሸተተ ዛሬውኑ አውጣው፣ አለዚያ አሞኒያው ዓሣዎቹን ይጎዳብሃል። ካልሸተተ ቱቦውን በጣትህ ቀስ ብለህ ዳብሰው። ውስጡ ሞላ ያለ ነገር ከተሰማህ ትሉ አለ። አትጭመቀው። ልየው ብለህም ቱቦውን እንዳትቀድ፣ ትሉንም እንዳትጎትት።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ላባው ሙሉውን መውደቁ ብዙ ይናገራል። ዓሣ ወይም ሸርጣን ነክሶት ቢሆን ተነጫጭቶ ነበር የምታገኘው። ስለዚህ ራሱ ነው የጣለው። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ፣ የጨው መጠን መዛባት፣ አሞኒያ፣ ለዓሣ ሕክምና የሚጨመር መዳብ ያለበት መድኃኒት፣ እነዚህ ሁሉ ያስጥሉታል። መዳብማ ይገድለዋል። ባንተ ቤት ግን እኔ የምጠረጥረው ረሃብን ነው።

ይህ ትል ምግቡን እንዴት እንደሚይዝ ልንገርህ። በእያንዳንዱ ላባ ላይ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። እነሱ ውኃውን እየገፉ ከውስጡ ያለውን ብናኝ ላባው መሐል ባለ ቦይ ወደ አፉ ይነዱታል። እዚያ በመጠን ይለያል። በጣም ደቃቁን ይበላዋል። መካከለኛውን ከልጋጉ ጋር ለውሶ ቱቦውን ይሠራበታል። ትልቁን መልሶ ይጥለዋል። እንግዲህ ያንተን ፍሌክ አስበው። የቱንም ያህል ብትፈረፍረው ለእሱ ድንጋይ ነው። የሚበላው ደቃቅ ነገር ውኃው ውስጥ ቢኖር እንኳ ስኪመሩ ቀድሞ እየሰበሰበው ነው። የአራት ወር አኳሪየም ደግሞ ገና ልጅ ነው፣ የራሱን ብናኝ ምግብ አላፈራም። ዜሮ ናይትሬት ለዓይን ደስ ይላል፣ ለዚህ ትል ግን ባዶ መሶብ ነው። ናይትሬቱ እስከ 5 ወይም 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 5 ወይም 10) ቢደርስ አልጨነቅም።

ላባ እስኪያወጣ ድረስ ምግብ አታፍስስበት፣ ውኃውን ከማበላሸት በቀር አይጠቅመውም። ሙቀቱን 76 እስከ 78 ፋራናይት ላይ፣ ጨዉን በጨው መለኪያው (ስፔሲፊክ ግራቪቲ) 1.025 አካባቢ አጽናው፣ ከዚያ ተወው። አዲሱ ላባ ብቅ ሲል ፈሳሽ ፋይቶፕላንክተን (ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ በጣም ደቃቅ አልጌ) ግዛ። ከፍሪጅ የሚሸጠው ይሻላል። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ ጠርሙሱን ነቅንቀህ ጥቂቱን በባሕር ውኃ በጥብጥ። ስኪመሩን ለአንድ ሰዓት ያህል አጥፋ። የውኃ ማዞሪያውን ፓምፕ ግን ከነጭራሹ አታጥፋ፣ ቀንስለት። ከዚያ በፒፔት (መምጠጫ ቱቦ) ከላባው ትንሽ ራቅ ብለህ ውኃው ራሱ እንዲያደርስለት ልቀቀው። ላባው ላይ በቀጥታ ከረጨህበት ደንግጦ ይዘጋል፣ ምግቡም ያልፈዋል። ሰዓቱ ሲሞላ ስኪመሩን መልሰህ ማብራት አትርሳ።

አቀማመጡንም እይ። የቱቦውን የታችኛውን ጫፍ አሸዋ ውስጥ ቅበረው ወይም ድንጋይ መሐል ሳታጣብቅ ሰካው። መጠነኛ የውኃ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፣ ፓምፕ ፊት ለፊት ግን አይሆንም። ስለ መብራት አትጨነቅ፣ እንደ ኮራል በብርሃን አይኖርም። ሸርጣኑን ለጊዜው ለይልኝ። ላባውን የጣለ ትል የተዳከመ ነው፣ ሸርጣኑን ሌሊት የትሉን ቱቦ ሲቆፍር ብታገኘው አይግረምህ።

ላባው ሲዘረጋ እጅህን ከመስታወቱ በላይ አሳልፍ። ጥላህ እንዳረፈበት ጥልቅ ብሎ ከገባ ጤነኛ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አታስደንግጠው፣ አንዴ ይበቃል። መጀመሪያ የሚያበቅለው አዲስ ላባ ከድሮው አነስ ቢል የተለመደ ነው። ደግሞ ጥሎ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ ግን አሁንም አልጠገበም ማለት ነውና ምግቡን ጨምርለት።