ቦይለርና የመብራት ቆጣሪ፤ ጥያቄና መልስ

ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰዎች ስለሆኑ መልሶቹ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር ናቸው። አንዱ ጥያቄ ብቻ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እሱ የእንፋሎት ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 50 ሊትር ቦይለር አለን። ባለቤቴ «ደጋግሞ ከማሞቅ በርቶ ቢውል ይሻላል» ይላል። እውነት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን እንዲሁ ያምናል። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 1.163 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ በ1500 ዋት ኤለመንት (ውሃውን በሚያሞቀው ዘንግ) 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። ይህ የማይቀር ወጪ ነው። የሚቀረው ሌላው ነው፦ ታንኩ ሙቅ ሆኖ ሲውልና ሲያድር በአካሉና በቧንቧው በኩል በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያፈሳል። ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚያፈሰውም ስለሚቀንስ፣ አጥፍቶ መልሶ ማብራት በምንም ስሌት አያከስርም። የቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ስለሚያድግ ትርፏ ፍጆታ የምትከፈለው በውዱ እርከን ነው። ከመታጠባችሁ ሁለት ሰዓት በፊት አብሩ፣ ሻወር ስትገቡ አጥፉ። ታይመር ከገዛችሁ 16 አምፔር የሚችል ይሁን፤ ሶኬት ላይ የሚሰካው ርካሹ ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ ተርሞስታቱን ስንት ላይ ላድርገው?

60 ላይ። ከዚያ በላይ ሲሆን ኖራው በኤለመንቱ ላይ ቶሎ ይጋገራል፣ ሕፃን ያለበት ቤትም ያሰጋል። 40 እና 45 ላይ ማቆየት ደግሞ ሌጂዮኔላ ለሚባለው ባክቴሪያ ምቹ ነው። 50 ሊትር በ60 ዲግሪ ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ በወረቀት ላይ 95 ሊትር የመታጠቢያ ውሃ ይወጣዋል፤ በተግባር 80 ቢገኝ ጥሩ ነው። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ ሻወር በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያፈስ የሻወር ራስ መግጠም ትልቅ ቦይለር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ውሃው ቶሎ አይሞቅም። ኤለመንቱ ደክሞ ይሆን? ቆጣቢ የሚባል አለ ወይ?

ኤለመንት ወይ ይሠራል ወይ ይቃጠላል፤ አይደክምም። መጀመሪያ በቴስተር ቮልቴጁን ይለኩ። 220 የነበረው ወደ 180 ከወረደ 1500 ዋቱ ወደ 1000 ይወርዳል፣ ሰዓቱም በግማሽ ይረዝማል። የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። ብሬከሩን አጥፍተው ገመዶቹን ከነቀሉ በኋላ ቴስተሩ ጤናማ በሆነ 1500 ዋት ኤለመንት ላይ 32 ኦም ገደማ ያነባል፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። «ቆጣቢ» የሚሉትን አይግዙ። ማንኛውም ኤለመንት የወሰደውን መብራት ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ ሙቁ ውሃ ሁለት ደቂቃ መጥቶ ይቀዘቅዛል።

ሁለት ነገር ይፈተሽ። አንደኛ፣ ቧንቧዎቹ ተገላብጠው እንደሆነ። ሰማያዊው መግቢያ፣ ቀዩ መውጫ ነው። በውስጥ የመውጫው ቱቦ እስከ ታንኩ አናት ይረዝማል፣ የመግቢያው አጭር ነው፤ ከተቀያየሩ ቀዝቃዛው ከላይ ገብቶ ሙቁን ያቀዘቅዘዋል፣ የሚቀዳውም ከታች ያለው ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ዘግተው የሙቁን ቧንቧ ይክፈቱ። ውሃው ካላቋረጠ አንድ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ባለ አንድ እጀታው የሻወር ቧንቧ ውስጥ፣ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር እየተሻገረ ነው። ይህን ብልሽት ይዘው ቦይለር የሚቀይሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ ሴፍቲ ቫልቩ ይንጠባጠባል። ልድፈነው?

በፍጹም! 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ሲሞቅ መጠኑ ወደ 0.8 ሊትር ይጨምራል፤ ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። በሚሞቅበት ጊዜ ብቻ ቢንጠባጠብ ጤና ነው፤ በላስቲክ ቱቦ ወደ ፍሳሹ ይምሩት። ቦይለሩ ጠፍቶም ካላቋረጠ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይም ቫልቩ ቆሻሻ ይዟል። በቫልቩ ውስጥ ውሃ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ የሚይዝ ክፍል አለ። እሱ ከተበላሸ ውሃ በፈረቃ በሚጠፋበት ቀን ታንኩ ወደ ኋላ ይፈስና ኤለመንቱ በባዶ ይነዳል። ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ፣ ከሙቁ ቧንቧ ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ድረስ ብሬከሩን አታብሩ።

ጥያቄ፦ ማጽዳቱን እቤት መሥራት ይቻላል? በየስንት ጊዜው?

በዓመት አንዴ። የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ሁለት ዓመትም ሊቆይ ይችላል፤ የጉድጓድ ውሃ፣ ለምሳሌ የአቃቂ ወይም የድሬዳዋ፣ ኖራው ይበዛል። ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ ውሃው ይቀዝቀዝ። መግቢያውን ዘግታችሁ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፤ አየር ካልገባ ታንኩ አይፈስም። ከዚያ የሴፍቲውን እጀታ አንስታችሁ አፍስሱ። የገመዱን አቀማመጥ ፎቶ አንሱ፣ የፍላንጁን (ኤለመንቱን የያዘውን ክዳን) ብሎኖች ፈትታችሁ ኤለመንቱን አውጡ፤ ከታች ባልዲ ይቀመጥ፣ ጭቃ ይወጣል። ኖራውን በቢላ አትፋቁት፣ ሽፋኑ ይጫራል፤ በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ በእንጨት አንሱት። የማግኒዥየም ዘንጉ ተበልቶ የመሃል ሽቦው ከታየ ቀይሩት፤ እሱ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል። ጎሚኒው አዲስ ይሁን፣ ብሎኖቹም በመስቀለኛ እየተዘዋወሩ ይጥበቁ። የምድር ሽቦው መመለሱን ሳታዩ ክዳኑን አትዝጉ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ አሮጌ ቤት ገዝተናል። የእንፋሎት ራዲያተሩ እንደ መዶሻ ይደበድባል፣ ግማሹም አይሞቅም።

ወደ ራዲያተሩ የሚገባው አንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነ፣ የቀዘቀዘው ውሃ የሚመለሰው እንፋሎቱ በመጣበት ነው። ራዲያተሩ ወደ ተቃራኒው ካዘነበለ ውሃው ይጠራቀምና እንፋሎቱ ሲገፋው ይጮሃል። በውሃ ልክ አይታችሁ የአየር ማስወጫው ባለበት በኩል እግሩ ሥር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሽብልቅ አድርጉ። ቫልቩም ወይ ሙሉ ይከፈት ወይ ሙሉ ይዘጋ። ግማሹ የማይሞቀው አየሩ ስለማይወጣ ነው፤ የአየር ማስወጫውን ቀይሩ፣ ምድር ቤት በዋናው ቧንቧ ጫፍ ያለውንም አትርሱ። ግፊት መጨመር ነዳጅ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም፤ ባለሙያው ግፊቱ ሲደርስ ቦይለሩን የሚያጠፋውን መቁረጫ ከ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በታች ያስተካክለው። የምድር ቤቱን ቧንቧ 1 ኢንች ውፍረት ባለው ፋይበርግላስ አልብሱ። ቀድሞ የተጠቀለለ ነጭ ልስን መሰል ነገር ካለ ግን አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አትንኩት።

ጥያቄ፦ ቦይለሩን በብርድ ልብስ ብጠቀልለውስ?

ሙቀቱን የሚይዘው ፎም ከውስጥ አለ፤ ብርድ ልብስ የኤሌክትሪክ ክዳኑን ያፍነዋል እንጂ ብዙም አይጨምርለትም። ከመውጫው ጀምሮ ያለውን 2 ሜትር የሙቅ ቧንቧ በፎም ቱቦ ይሸፍኑ።