የፖለቲከኛን ዕድሜ ለምትሟገቱ የድሬ ልጆች

ልጆቼ፣ «ያረጁ ባለሥልጣናት የአእምሮ ምርመራ ይደረግላቸው» የምትሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ለተመራጭ ግን መነሻ እንጂ ጣሪያ የለውም። ሆኖም ከመጠየቃችሁ በፊት ምርመራውን እወቁት።

በብዙ አገር የሚሠራበት «ሞካ» የሚባለው ነው። 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ከ30 ይታረማል፤ ከ26 በታች ያገኘ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠር፣ አምስት ቃላት ቆይቶ ማስታወስ፣ ሰዓት መሣል ይገኙበታል። የመርሳት ችግርን ፍንጭ ይሰጣል እንጂ በጀት ማመዛዘንና ጠብ ማብረድ መቻልን አይለካም።

እኛ ዘንድ ሰዓቱ ራሱ ያሳስታል። «11 ሰዓት ከ10 አድርገህ ሣል» ሲባል፣ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶ በአንጻሩ የሚያነብ አዛውንት አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ያደርገዋል። ልክ ነው፤ ነጥቡን ግን ያጣል። በ«ፈ» የሚጀምሩ ቃላት ሲጠየቅም ፉና ፊ ይቆጠሩ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ ሁለት መርማሪዎች ሁለት ውጤት ያወጣሉ። በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያስበውን በአማርኛ መፈተንማ ጭራሽ ግፍ ነው።

ነጥቡ ዝቅ ያለውን ሁሉ «ጃጀ» አትበሉ። ጆሮውና ዓይኑ፣ ታይሮይዱ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ)፣ የቫይታሚን ቢ12 መጠኑ፣ የሚውጠው የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ድብርትም ይታይ። ጫት ሲቅም ያደረ ሰው ጠግቦ ተኝቶ ሌላ ቀን ይፈተን።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ወረቀቱ የሚገባበት እጅ ነው። ቱኒዚያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤን አሊ ፕሬዚዳንት ቡርጊባን ያወረዱት ሐኪሞች በፈረሙበት ማስረጃ ነበር፤ ከዚያ ራሳቸው እስከ 2011 በሥልጣን ቆዩ። ስለዚህ እኔ ከምርመራው ይልቅ በሕግ የተጻፈ የዕድሜ ጣሪያ እመርጣለሁ፤ ማንን እንደሚነካ ሳይታወቅ ይደነገጋልና። ያም በቀላሉ እንዳይሻር መታሰር አለበት፦ ዩጋንዳ ለፕሬዚዳንት ዕጩ 75 ዓመት የሚለውን ገደብ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሕገ መንግሥቷ አውጥታዋለች።

ረቂቅ ስታዘጋጁ ዕድሜው የሚሰላው በምዝገባ ቀን ነው ወይስ በሥልጣን ዘመኑ ማብቂያ፣ በግልጽ ጻፉት። የዕድሜ ማስረጃውንም ለዩ። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ አብዛኛው አዛውንት ዕድሜውን በግምት ያስመዘገበ ነው። የትኛው ሰነድ እንደሚጸና ካልተወሰነ፣ ጣሪያው ላይ የደረሰ ሰው በአንድ ማመልከቻ አምስት ዓመት ይቀንሳል።