ሳይት ቡክ ላይ ለምትፈርሙ ልጆች

ልጆቼ፣

የምህንድስና ዲግሪያችሁን ይዛችሁ የግንባታ ሳይት ስትገቡ፣ ሠራተኛ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል ብትባሉ መልሳችሁ «ድርጅቱ» ነው። ግማሹ እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፊቱን ያዞረው ወደ አሠሪው ነው። እናንተን በስማችሁ የሚጠራችሁ ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

አንቀጽ 543ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። የሰውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ከሆነ ግን እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፤ ከ3,000 እስከ 6,000 ብሩም በላዩ ይታከላል። ሕጉ ሐኪምንና ሹፌርን የጠቀሰው ለምሳሌ ነውና እኛን አይመለከትም ብላችሁ አትጽናኑ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም አጥፊው ግልጽ ደንብ እያወቀ ከጣሰ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ መቀጮው ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ይደርሳል።

ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው እርከን ለመድረስ አንድ ጉድጓድ ይበቃል። ቦሌ አካባቢ ያለውን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ድጋፍ የሚያስፈልገው አይመስልም። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው በስንጥቁ ይገባና ግድግዳው ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። የወጣው አፈር ጠርዙ ላይ ከተከመረ ደግሞ ክብደቱ ይገፋዋል፤ አንድ ሜትር ኩብ ከአንድ ቶን ይበልጣል። እታች ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ያወጣል። ሁለት ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከላይ አንብባችኋል።

አሁን ወደ ሳይት ቡኩ፣ የሳይቱ ትእዛዝና ሁኔታ ወደሚመዘገብበት ደብተር። ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ «ቁፋሮው ድጋፍ ይደረግለት» ብሎ ጽፎ፣ እናንተ ከሥሩ ፈርማችሁ፣ ሥራው በማግሥቱ እንዳለ ከቀጠለ፣ ያ ፊርማ «አላወቅሁም» የሚለውን በር ይዘጋል። ብዙዎች ጽሑፍ ያድናል ይላሉ። ጽፎ ማስቀጠል ካለመጻፍ ይብሳል። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውን ከነአክሲሱ (በፕላኑ ላይ ካለው የመስመር ቁጥር ጋር)፣ አደጋውን፣ «ድጋፍ እስኪገባ ሰው አይውረድ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ፤ ፕሮጀክት ማናጀሩን አስፈርሙ፣ ገጹን ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ሰዎቹን አውጡና መሰላሉን አንሱ። ይህ የመጨረሻው ነው ዋናው።

«ገና ጀማሪ ነኝ» የሚል መከላከያ ላይ ብዙ አትደገፉ። አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲመዝን ዕድሜንና የሕይወት ልምድን ያያል፤ ትምህርትንና ሥራንም ያያል። ዲግሪው በዚያኛው ሚዛን ላይ ይቀመጣል።

ሄልሜትና ሴፍቲ ቤልት አድሎ «ተረክቤያለሁ» ማስፈረም የአዋጁን አንቀጽ 92 አይሞላም፤ አጠቃቀሙን ማስተማርና አደጋውን ማስረዳትም ተጽፏል። ቤልቱ የሚታሰርበት ነገር በሌለበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቤልት ማስታጠቅ ለፎቶ ብቻ ይጠቅማል። አደጋ ሲደርስ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው።

ከአደጋው በኋላ ደግሞ ሁለት ምክሮች ይመጡላችኋል። አንደኛው «ቶሎ ድጋፍ እናስገባና ሳይት ቡኩን በትናንት ቀን እንሙላ» ነው፤ ይህ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ ራሱን የቻለ ወንጀል። ሁለተኛው «በሽማግሌ እንጨርሰው»። ቤተሰቡን መካስና ይቅርታ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ፍርድ ቤትም ቅጣት ሲያቀል ሊያየው ይችላል። ነገር ግን በቸልተኝነት መግደል በግል አቤቱታ የሚከፈትና የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ ቤተሰቡ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል።

ካሳው ከወንጀሉ ተለይቶ ይሄዳል፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚሰላው ከደመወዙ ነው። የቀን ሠራተኛ ጠዋት በር ላይ ተመርጦ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳ አይጻፍም። ነገ ጠዋት ደብተር ይዛችሁ በሩ ላይ ቁሙ፤ ሙሉ ስሙን፣ የቀን ሒሳቡን፣ የሚጠራለትን ሰው ስልክ ጻፉ፣ ከዚያ ይግባ።